ቆርኪው

ከወደቡ አጥር፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
አንሙት በግሪስ ጣት ቼዙን ሲደረድር፣
አንድ ወታደር ጎድሎ ከነጩ ሠራዊት
ቆርኪ ቆሞለታል፣ በሟቹ ምትክነት፤
የአምቦ ውሃ ቆርኪ፣ ጥርሱ የዛገ፣
ከንጉሡ ደጃፍ ቆሞ ማዕረግ የፈለገ።

ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ እዚህ ስጫወት
እንደ መዝገብ ቤቴ ነበር የኔ ስልት፦
ፋይል በፋይል ላይ፣ ማህተም በማህተም፣
ማንንም አልነካም፣ ማንም አይነካኝም።
ወታደር ከወታደር ተቆላልፎ ቆሞ፣
ንጉሤ ጓዳ ውስጥ ተከናንቦ፣ ታሞ፣
መሐሉ እንደ እምቦጭ ተሳስሮ ያድራል፤
ታንኳ አያሳልፍም፣ ዓሣም ይታፈናል።
እናም እሸነፋለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ በክብር፣
ጋዙ እንዳለቀበት ፋኖስ፣ ያለ አንዳች ግርግር።

ዘንድሮ ክረምት ላይ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣
ዝናብ ሲያስጠልለን ከትኬት መቁረጫው ቤት፣
ትኬት ቆራጯ ብርቄ አየችኝና ሳቀች፦
«ጋሼ፣ አንተ ስትጫወት ሰዓቴ ቆመች።
ካልደፈረሰ አይጠራም ሲባል አልሰማህም?
እስኪ አንዷን ጣላት፤ በአንዷ አትደኸይም።»
ዘበኛው አያ ይርዳው፣ ምርኩዙን ተደግፎ፦
«በጥንቱ ሰንጠረዥ ተራ የለም፤ ሁሉም ሰው ተጣድፎ
ይወርር ነበረ፣ የፊተኛው እስኪወድቅ።
ተራ መጠበቅ የመጣው፣ ሰው ሲያልቅ።»

ያን ዕለት ጀመርኩ።
በሁለተኛው እርምጃ፣ ገና ሳይበርድ ሻዩ፣
ቆርኪዬን ገፋሁት፣ ሰዎቹ እያዩ።
መንጠቆ አይደለም ይኼ። ቆረሶ ሲያጠምዱ
ብረቱን ሸሽገው ነው ወደ ውሃ የሚሰዱ።
የኔ ግን ግልጽ ነው፦ ያውልህ፣ በነጻ፤
ወታደሬን ወስደህ ጊዜህን አምጣ።

አንሙት ወሰደው። ዋጠው እንደ አምባዛ።

ሰኔን ተሸነፍኩኝ። ሐምሌን ተሸነፍኩኝ።
የሻዩን ሒሳብ ሁሉ እኔው ከፈልኩኝ።
አንዴማ በአሥራ አንድ እርምጃ፣ አንዱ ፈረሴ እንኳ ሳይወጣ ከጋጣ፣
ንጉሤ በአደባባይ፣ ያለ ጫማ፣ ሲሮጥ ማቱ መጣ።
ባለባጃጁ ሳይቀር፣ መንገደኛ አቁሞ፣
«ይኼ ሰውዬ ታሟል» አለኝ ደጋግሞ።

ግን ዓይኔ፣ ያ ዓይኔ፣ ፋይል ያፈዘዘው፣
ዓሣ አራጆች ቢላ በጥቁር ድንጋይ እንደሚስሉት፣ ሽንፈት ሳለው።
ፈረሱ ሳይዘል ፊት ዝላዩ ታየኝ፣
ንጉሥና ንግሥት በአንድ ኮቴ ሲያስርልኝ።
ንጉሡን ከልሎ መንቀሳቀስ ያጣ
ፈረስም ሳይ አወቅኩት፤ እኔን ነው የመሰለኝ፣ አለቃዬ ሲመጣ።
ማታ ወደ ሽንብጥ በእግሬ ስመለስ
መንገዱ ሰሌዳ፣ ዘንባባው ዘብ፣ ባጃጁ ፈረስ፤
ብስክሌት በሰያፍ፣ አውቶቡስ በቀጥታ፣
እኔ አንድ አንድ ቤት እየሄድኩ፣ በማታ።

«ተሸንፈህ መጥተህ ትስቃለህ እንዴ?» አለች ጥሩዓለም።
«ሳልሞት ነው የተሸነፍኩት። ይኼ ገጥሞኝ አያውቅም።»

መስከረም ጠባ። ሐይቁ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣
ከደንገሉ ወገብ፣ ከዋርካው ሥር ደርሶ።
ብርቄ የመጨረሻውን ጀልባ ወደ ዘጌ ሸኝታ
ከኋላዬ ቆመች፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ።

ቆርኪዬን ገፋሁት።
አንሙት እጁን ሰደደ፣ እንደ ልማዱ፣
ከቆርኪው አናት ላይ ቀጥ አለ ክንዱ።
አሰበ።
የሞተር ገመድ ሲስብ የማያስበው ሰው
ለአንዲት የዛገች ቆርኪ ግንባሩን አላበው።
ከወዲያ ማዶ ጉማሬ ተነፈሰ።
እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ ደረሰ።

«አልወስድም» አለኝ፣ እጁን መለሰና።
ጨዋታው? ገና ነው። ማን ያሸንፍ፣ ገና።
ቆርኪው ግን መሐል ሜዳ፣ ሳይሞት፣ ሳይሾምም፣
ብቻውን ቆሟል፤
አንሙት ቀና ብሎ እስካሁን አላየኝም።