ደመናው ሲዘንብስ

ነገሩን ያመጣው ጣራው ነው፤ ያፈሰሰው።
ሐምሌ ላይ፣ በሌሊት፣ ደብተሩን አራሰው።
የሦስት ወር ሂሳብ፣ ቆሮሶና አምባዛ፣
ማን ስንት ኪሎ ሸጠ፣ ማን በዱቤ ገዛ፣
ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ አደረ ወረቀቱ ላይ።
ጥሩዓለም ገለጠችው፤ ከገጽ ገጽ የሚታይ
አንድ ስም ብቻ ቀርቶ፣ «ይመር»፣ እሱም ግማሹ።
«አንተ፣ ኮምፒውተር የተማርኸው» አለችኝ፣ ዓይኖቿ እየሸሹ፣
«ውኃ የማይደርስበት ቦታ ፈልግልን እንጂ።»

ውኃ የማይደርስበት! ፈለግሁና አገኘሁ፦
ደመና።
(ሳቅሁ ለብቻዬ፤ ማን ይስማኝና።)
ፍራንክፈርት በሚሉት፣ እግሬ ባልረገጠው ከተማ፣
ቀዝቃዛ አዳራሽ አለ ይባላል፤ ንብ የሞላው ይመስል የሚያጉረመርም፤
እዚያ ለማኅበሩ ዳታቤዝ ተከራየሁ፤ መልኩን አይቼው አላውቅም።

ሽምብጥ ነው ክፍሌ፤ መስኮቱ ሐይቅ ያያል።
እኩለ ሌሊት ነው። አንድ ጀልባ ይታያል፣
ፋኖስ አንጠልጥሎ። ፕሮግራሜን አስነሣሁ።
አድራሻ፣ የበር ቁጥር፣ ስም፣ የይለፍ ቃል፤
አንዱንም አልረሳሁ።

ጠበቅሁ።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
እንደ ደጅ ጠኚ ናት፣ ቆማ ትጠብቃለች።
ሠላሳ ሰከንድ።
ከዚያ አንድ ቀይ መስመር፦ «ጊዜው አልፏል።»
እንቢ ያለ ሰው ቢያንስ መምጣትህን ያውቃል፤
ዝም ያለ በር ግን ከጣና ይጠልቃል።

ለካ ዘበኛ አለ፣ መዝገብ የታጠቀ፣
የሚያልፈውን ሁሉ በቁጥሩ ያወቀ።
ቁጥሬን ጻፍሁለት፣ ከሽምብጥ ነኝ ብዬ፤
ሊከፍትልኝ ሲል፣ ጌታዬ፣
መብራት ሄደ።
ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ይዞ ተነሣ፤
ዘበኛው አላወቀኝም፤ በአንድ ሰዓት ስሜ ተረሳ።

እንደገና ጻፍሁለት። አሁን ደግሞ የይለፍ ቃሉ።
ጠንካራ ይሁን ብዬ፣ ያበጀሁት ለት፣ መሐሉ
ላይ ያቺን ጅራቷን የጠቀለለች ክብ ነበር ያኖርሁ፣
ኢሜይል ላይ ስምን ከቤቱ የምትለየዋን።
ማሽኑ እሷ ጋ ሲደርስ
«ቃሉ እዚህ አለቀ» አለ፤ ከወገቡ ቆረጠው፤
የቀረውን ግማሽ የአገር ስም አደረገው፤
የሌለ ከተማ ፍለጋ ወጣ፤
የሌለ በር አንኳኳ፤ ማንም አልመጣ።
ሦስት ሌሊት ሙሉ ስረግም ቴሌን፣ ስወቅስ መብራት ኃይልን፤
ጥፋቱ የገዛ ጣቴ ነው፤ ማን ይካሳቸው አሁን እነሱን?

ክቧን በሌላ ፊደል ለወጥኋት። ዶሮ ሊጮህ ሲል፦
«ተገናኝቷል።»
አንድ ቃል።
ዓይን ሳይከደን ሄዶ፣ ሳይገለጥ ይመጣል፤
ማታ ከዘጌ የተነሣው ታንኳ ገና ይቀዝፋል።

ማለዳ ሚዛኑ ዘንድ ይመር መጣ፤ ባቱ ላይ የደንገል ልጣጭ ተጣብቋል።
ጥሩዓለም መዘነች፦ ቆሮሶ፣ አሥራ አራት ኪሎ ተኩል።
ጻፍሁት። ሄደ ስሙ። በመጀመሪያው መስመር ቁጭ አለ፤
«ይመር»፣ ሦስት ፊደል፤ አንዱም ሳይርስ፣ ሳይፈስ፣ እንዳለ።

«የት ነው ያለሁት አሁን?» አለ፣ ስክሪኑን እያየ።
«ደመና ላይ» አልሁት።
ቀና ብሎ አየ።
ሐይቁ ላይ ነበረ፤ ጠቁሮ፣ ከብዶ፣ ሆዱ ተንዘርጥጦ፤
ክብራን ደሴትን ከነዛፏ ውጦ።
አንድ አፍታ አሰበ፣ መረብ ሊስብ እንዳለ ሰው።
«ሲዘንብስ?» አለኝ። «ሲዘንብስ፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ቁልፉ ላይ ነው እጄ።

ጥሩዓለም ከመሳቢያዋ አዲስ ደብተር አወጣች፣
በፌስታል የተጠቀለለ፤ ያንኑ ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፈች።
«ለማንኛውም» አለች።