የላይኛው መስኮት

መሐል ሜዳ፣ ጥር ነው፤ ቁሩ አጥንት ሲሰብር፣
ከፊታውራሪው ቤት ቆሜ ከበሩ ሥር
ትኬት እቆርጣለሁ፦ ለአንድ ሰው ሃያ ብር።
ሰው የጠፋ ለታ ባና ተከናንቤ
የሸመደድኩትን እለዋለሁ በልቤ፦
«ጣውላው የጽድ እንጨት፣ ጠራቢው የሩቅ ሰው፤
ቀበሌም፣ መጋዘንም፣ ሁሉንም ሆኖ ያየ ቤት ነው፤
ይህ የብር ጎራዴ፣ ይህ የአንበሳ ለምድ፣
በእጅ መንካት ክልክል!» እያልኩ እንደ ዳዊት ሳወርድ፣
አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጓሮው በር ተንኳኳ።
የታሸገ በር ነው። የሚያስታውሰው አለ ለካ።

ዞሬ ብሄድ፣ ሽማግሌ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣
ከዝጉ ሳንቃ ፊት አንገታቸውን ሰበር አድርገው።
«አባቴ፣ መግቢያው በፊት በኩል ነው» ብዬ ስል፣
«የፊቱንማ በቅሎዋም ታውቀዋለች። እኔን በዚህ በኩል
ነበር የሚያስገቡኝ፣ ጭራሮ አሸክመው።
ወንድይፍራው እባላለሁ፤ አባቴ እዚህ ቤት በቅሎ ሲጭን የኖረ ሰው።»
ከመሐረባቸው ቋጠሮ ፈትተው ሃያ ብር ሰጡኝ፤
«በነፃ ይግቡ» ስል፣ «እንዴት ተደርጎ!» ብለው ተቆጡኝ።

ጎራዴውን አላዩም። ለምዱንም አላዩም።
ንግግሬን ጀመርኩ፤ ቆመው አልሰሙኝም።
ከደረጃው ሥር ጫማቸውን አውልቀው በብብታቸው ያዙ፤
አንድ፣ ሁለት እያሉ እርከኑን ቆጥረው ተጓዙ።
«ሰባተኛው ይጮኻል» አሉኝ፣ ሳይረግጡት ቀድመው።
ጮኸ።
«ወጥቼበት አላውቅም፤ ከታች ሆኜ ነው የማውቀው።
እሱን ስንሰማ ነበር፣ ‹ጌታ ወረዱ!› ብለን
ወጋችንን ዋጥ፣ እሳቱን ቆስቆስ የምናደርገው።»

ከላይኛው መስኮት ደርሰን፣
መስታወቱን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው
ቁልቁል አዩ። ቆዩ። እኔም ዝም፤
እንባ ይሁን እርግማን፣ አላውቅም
የምጠብቀው።

«ቤታችን እዚያ ነበር፣ ከበረቱ ወዲያ።
እናቴ ገና ዳዴ ስል፣ ‹ከላይ ያዩሃል!› ትለኛለች።
ሳስነጥስ እንኳ ወደ ግድግዳ ዞሬ፣
ስሮጥ ጎንበስ ብዬ፣
ሳቄን በእጄ ይዤ ነው ያደግሁት፣ ልጄ።»
ደግመው አዩ።
«ለካ ከዚህ አይታይም!
የበረቱ ጣሪያ ይጋርደዋል። ያኔም ይኸው ጣሪያ ነበር፤
ቢታያቸው ቢታያቸው ጢሳችን ነበር።»

ሲወርዱ፣ ሰባተኛውን ሆን ብለው ረገጡት።
ታች ዱካ ላይ አረፍ ያለችው ጽዳቷ ዘነበወርቅ
መጥረጊያዋን ይዛ ብድግ አለች፤ እኔንም አስደነገጠኝ።
«ተቀመጪ» አሏት፣ «እኔ ነኝ።»