ካርቶኑ ላይ የተጻፈው

ሹዌክ፣ ከቀትር በኋላ። ቆርቆሮው ሲነኩት ይፋጃል፣
ቢጁ ከፓትሮሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ያፏጫል።
መሻሪ ዕቃውን አወረደ፤ ሁለት ሰብውፈር፣ አንድ አምፕሊፋየር፣
ካርቶኑ ላይ እሳት የሚተፋ ነብር፣
ከነብሩ በላይ፣ በወርቅ ቀለም፦ "ሦስት ሺህ ዋት"።
እኔ ማኑዋል የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ነው፤ ልማዴ ናት።
እዚያ፣ በጉንዳን ፊደል፣ እንደሚያፍር ሰው አቀርቅሮ፣
"ያለማቋረጥ፣ በሁለት ኦም፦ አራት መቶ"
ተሸሽጎ ኖሯል፣ እውነቱ ጎሮሮው ውስጥ ቀርቶ።

ሦስት ሺሁ ለቅጽበት ነው፣
ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ፤
አራት መቶው ግን ለዕለት ነው፣
ሌሊቱን ሙሉ ለመሮጥ።

መሻሪ ሳቀ። "ካነሰማ ምን ይጎዳል?
ትንሽ ጉልበት ትልቁን ድምፅ ማጉያ እንዴት ያቃጥላል?"
እኔም እንደሱ ብዬ ነበር፣ በመጣሁበት ዓመት፣
የሰው ዕቃ አንጨስጭሼ
የሁለት ወር ደመወዜን እስክከፍልበት።

አይደለም፣ መሻሪ።
ደካማ አምፕሊፋየር ሲገፉት
"አልችልም" ማለት አያውቅም።
የማዕበሉን አናት ይቆርጠዋል፣ እግሩንም ይቆርጠዋል፤
ክብ የነበረው ድምፅ ጠፍጣፋ ይሆናል፣
ጠፍጣፋው ሙቀት ይሆናል፣
ሙቀቱ የመዳቡን ጥቅልል ፈልጎ ያገኘዋል።
ከዚያ የሙጫ ሽታ፣
ከዚያ ዝምታ።

አንዷን መልሳት አልኩት።
የቀረችውን፣ ሁለቱን ጥቅልል ጎን ለጎን አሰርኩት፤
ሁለት ኦም።
የምድሩን ሽቦ ልገጥም ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅሁ፣
ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አስጠጋሁ፣
የጌይኑን ጉልላት በጥፍሬ ጠርዝ፣ በዝግታ፤
መልቲሜትሩ ሃያ ስምንት ቮልት ሲል
ጣቴ ቆመ።
መሻሪ "ትንሽ ጨምር" አለ። ቢጁም በዓይኑ እንደዚያው አለ።
አልጨመርኩም።

ስልኬ ጮኸ። ነስሪያ ናት፣ ከወራቤ።
የጣሪያው ቆርቆሮ። የሙባረክ ክፍያ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ፣
"አንተ እኮ አለህ" የሚል ሰርጎ የሚገባ ድምፅ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ "ችግር የለም" ያልኩበት፣
በየበዓሉ ጌይኑን ትንሽ፣ ትንሽ የጨመርኩበት፣
ከሰው መኪና ጎን ተነስቼ
የላክሁት ፎቶ ደግሞ፤ ያ ነብር፣ ያ ወርቅ ቀለም።

ቁጥሩን ነገርኳት።
ደመወዙን እንዳለ፣ ሳላሳምር፣ በዲናር።
ዝም አለች። ሩቅ፣ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።
መቆጣቷን ጠበቅሁ፣ ማልቀሷን ጠበቅሁ።
"ከኪራይ በፊት ነው፣ በኋላ?" አለችኝ።
"በፊት"
"ኢቃማውስ?"
"እሱም አልተቀነሰም"
ወረቀት ስትፈልግ ይሰማኛል። እስክሪብቶ እምቢ አላት፤
እፍ አለችበት።

መሻሪ ሙዚቃውን ከፈተ።
ባሱ ከመሬት ተነስቶ በጫማዬ ገባ፤
ክብ ነው፣ አልተሰበረም።
ቢጁ ማፏጨቱን ተወ።
"ምንድን ነው እሱ?" አለች ነስሪያ።
"መኪና ነው" አልኳት፣
"ቆይ፣ ጻፊ፤ ከምግብም በኋላ ስንት እንደሚተርፍ ልንገርሽ።"