በማንኪያ ልክ

ሰኞ ገበያ ላይ እህል መዛኝ ነኝ፤
ጤፍም ሽንብራም ቢሆን ሐሰት አይገኝብኝ።
አንድ ማታ ግና፣ ሻጭ ሸማች ሲበተን፣
ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ ልመዝን ራሴን።
አሮጌው ሚዛኔ ሲጢጥ ብሎ ቃተተ፣
መርፌው መቶ አርባን አልፎ ወዲያ ተጎተተ።
«አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላህ ትንሽ ነው፣»
አለኝ ሙሄ ተሸካሚው፣ «ማነው የሚያነሳው?»
ሳቅን። ሳቁ አላለቀም፣ ትንፋሼ ቀድሞ አለቀ።

ፍሪጅ ባልነበረን ጊዜ ኢንሱሊኔን ዘምዘም
በእርጥብ አሸዋ ማሰሮ አኑራ፣ ውሃ ስታርከፈክፍ አትደክም።
ጠዋት ሠላሳ ዩኒት፣ ማታ ሃያ ስድስት፣
ሆዴ ተበሳስቶ መሰለኝ የዱቄት ወንፊት።
አባቴም በዚሁ አስቀድሞ ጣቱን፣
ቀጥሎም እግሩን ነው፣ ኋላም የዓይኑን ብርሃን፣
ጦሳ ከደጁ ቆሞ «ጉም ነው እንዴ?» ያለን።

ሐኪሙ ነገረኝ ወረቀት ላይ ሥሎ፦
«ከጨጓራህ አራት እጅ ሦስቱን እናነሳለን፤
የምንተውልህ ሙዝ ታህላለች» ብሎ።
«ድልድይ ነው እንጂ አገር አይደለም፤ መሻገሩ ያንተ ነው።»

ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?
እናቴ ዙሪያሽ የሰባ ሰባት ናት።
ሁለት ልጅ ቀብራለች ከመንገድ ዳር፣ ድንጋይ ሥር፤
እኔ ከዚያ ወዲያ የመጣሁ፣ የጥጋብ ምስክር።
ጉንጬን እየዳሰሰች «ወፈረልኝ!» ስትል ለጎረቤት፣
«በሞቴ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ አንድም ቀን ሳትሞት።
እንዴት ብዬ ልበላት፦ «እማ፣ ርሃብ ልገዛ ነው፣
አንቺ የሸሸሽውን፣ ጥሪቴን ሸጬ፣ በገንዘብ ላመጣው»?

«ለንግድ ነው» ብያት ሐረጎን ወረድሁ፣
በሌሊት አውቶቡስ፣ መስኮቱን ተደግፌ አዲስ አበባ ደረስሁ።

ስነቃ ሆዴ ላይ አምስት ትናንሽ ፕላስተር።
በሦስተኛው ቀን ነርሷ ጣቴን ወግታ አነበበች ቁጥር፤
ሌላ ጣት ደግማ ወጋች፣ መሣሪያው የዋሸ መስሏት፦
መቶ አሥራ ስምንት።
እኔ የሚዛን ሰው ነኝ፤ ቁጥር አያስለቅሰኝም ነበር።
«አልዳንህም» አለኝ ሐኪሙ፣ «አንቀላፍቷል፤ አትቀስቅሰው።»

ደሴ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል፦
«እብሬን ካንሰር ይዞታል»፣ «ኧረ ቀልቡ ተነጥቋል።»
ሱሪዬ በገመድ፤ ፀጉሬ በማበጠሪያው ላይ።
ሐይቅ፣ የእህቴ ልጅ ሰርግ፣ ሦስት ማንኪያ ሩዝ በላሁ፤
አራተኛው ሲገባ ከድንኳኑ ጀርባ ወጣሁ፣
ላብ አጥምቆኝ፣ ጉልበቴ ተልፈስፍሶ።

እናቴ መጣች ተከትላ፣ የተቆለለ ሳህን ይዛ።
«በሞቴ» ልትለኝ ነው አልሁ።
ሸሚዜን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋት።
«ቆረጡህ?»
«ቆረጡኝ።»
«ስኳሩስ?»
«ወረደ፣ እማ።»
ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤
ዓይኗን ወደ ሐይቁ መለሰች፣ ብዙ ቆየች።

«ባቲ መጠለያ፣ ያኔ፣ እህሉ ሲመጣ፣
የቸኮለ ሞተ። ከርሃብ አምልጦ፣ ጥጋብ ላይ ነፍሱ ወጣ።
ይኼን ማንም አያወራውም።
አንዲት ነርስ ነበረች፣ ቋንቋዋን የማናውቅ፣ ማንኪያ ይዛ የምትዞር፤
አንድ ማንኪያ። ትቆያለች። አንድ ማንኪያ።
ብናለቅስ አትራራም፣ ብንለምን አትጨምር።
ሰድበናታል። ረግመናታል።
ልጄ፣ አንተን የወለድሁህ በሷ ማንኪያ ነው።»

ሳህኑን ለውሻው ገፋችለት፤
ከሻይ ብርጭቆ ትንሿን ማንኪያ አወጣች፣
በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች፣
ከሾርባው ጨልፋ እስኪበርድ ጠበቀች።
«ቀስ» አለችኝ። በሞቴ አላለችም።
ዋጥሁ። ሁለተኛውን ልቀበል ስል
እጄን ያዘችው።
«ቆይ» አለች፣ «ገና ነህ።»