አንድ እና ሰባት

«ወደብ» ይላል ጽሑፉ፣ ከበሩ ራስ ላይ፤
ባሕር ግን የለበትም፣ ዞሮ ዞሮ ቢታይ።
ከሐረጎ ቁልቁል ለሚወርድ መንገደኛ
ቀይና ሰማያዊ፣ የብረት እንቅልፈኛ፣
ሣጥን በሣጥን ላይ ተነባብሮ ያያል፤
«የምን ክምር ነው?» ብሎ፣ መልስ ሳይሰማ ያልፋል።

እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ሥራዬ መቁጠር፣
ማኅተሙን አይቶ በመዝገብ ማስፈር።
አራጋው ሾፌሩ፣ ከሚሌ ሲገባ
ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ ዐይኑ እያነባ፣
«ጅቡቲ ስታስነጥስ» ይላል ከወንበሩ ወርዶ፣
«ይማርሽ ባይዋ እዚህ ነው» ይስቃል፣ ውሃ ቀድቶ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ምሳ እንደበላን፣
አዲሱ ኃላፊ አዳራሽ ሰብስቦን፣
በሰሌዳው ላይ ክብ፣ ከክቡም መሥመር፣
ከመሥመሩ ሌላ ክብ፤ ያልመጣው ባቡር ሳይቀር፣
ጉምሩክና ባንክ፣ ፋብሪካ፣ መጋዘን፤
«ወደብ ግቢ አይደለም፤ ድር ነው፣ ድር!» ሲለን፣
የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይዞኛል፤
«እሺ፣ ድር ይሁን» እያለ አንገቴ ይወዘወዛል።

መስከረም ላይ፣ ሌሊት። ዝናብ።
የበሩ አምፖል አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ድርግም፤
ብዕሬም እንደሱ፣ ሲጽፍም ሲደርቅም።
ሰባቷን አንድ አልኳት።
እንደ ቆብ አናቷ ላይ የምትደፋ ሰረዝ፣
እሷን ነው የረሳኋት።

ሰነዱ ሌላ ሆነ፣ ብረቱም ሌላ፤
«ይጣራ» ተባለ፤ ክሬኑ አንሥቶ ጥግ ወሰደው፣ ከኋላ።
በሆዱ የያዘው የማሽን መዘውር
ጨርቃ ጨርቁ ሰባት ወር ሲጠብቀው የነበር።

ማክሰኞ ማሽኑ ቆመ።
ረቡዕ የማታ ፈረቃ ሴቶች «እስክንጠራችሁ» ተባሉ።
ሐሙስ ዙበይዳን ከፋብሪካው አጥር ሥር አየኋት፤
ሌሊት የጋገረችው መቶ ሃምሳ ዳቦ
በላስቲኩ ውስጥ ላብ አውጥቶ፣ ገዢ ሲጠፋላት።

ጎሚስታው እንድሪስ መንፊያውን ተደግፎ አንቀላፋ፤
ጫኝና አውራጁ የቆርኪ ዳማ ላይ ተደፋ።
አራጋው መልስ ጭነት አጥቶ አምስት ቀን ተኛ፤
«ለአልጋ ከፍዬ አለቅኩ፤ ምን ነካን እኛ?»
እኔም ከሰው እኩል ራሴን ነቀነቅኩ፣
«ጉምሩኮች ናቸው» አልኩ።
ቦርከና ብቻ ነው ደስ ያለው በዚያ ሰሞን፤
ቀለም አልወረደበት፣ ጠርቶ አሳየን ጠጠሩን።

ቅዳሜ ሙሄ መጣ፣ ከመዝገብ ክፍል፣
ግልባጩን ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰቅሎ።
ጣቱን ቁጥሯ ላይ አኖረ።
«ይቺ ቆብ የላትም» አለ፤
ወጣ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ።

ቆቧን ደፋሁላት። እጄ ተንቀጠቀጠ።
ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ተለቀቀ፤
ሰኞ ንጋት ላይ የፋብሪካው ጡሩንባ ጮኸ፤
ኃላፊው በሪፖርቱ «የአምስት ቀን መዘግየት» ብሎ ጻፈ፣
ፈረመ፣ አለፈ።

ያን ሰሌዳ ሄጄ አየሁት፤ አልጠፋም ሥዕሉ፤
ክቦቹ በሙሉ ከነመሥመራቸው አሉ።
ባንኩ አለ፣ ባቡሩ አለ፣ ጉምሩኩም በወጉ፤
ዙበይዳ ግን የለችም፣ ከክቡም ከጥጉ።
ጠመኔ አነሣሁ፤ ትንሽ ክብ ከግርጌ አከልኩ፤
መሥመሩን ከየት እንደምስብ ግን አላወቅኩ።
ከፋብሪካው? ከበሩ? ከዚያ ከሚርገበገብ አምፖል?
ቆሜ ቆሜ፣ ጠመኔው በላቤ ረጠበ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ አራት ዳቦ እገዛለሁ።
«ብቻህን አይደለህ እንዴ? ማን ይበላልሃል?» ትላለች።
«እንግዳ አለብኝ» እላለሁ።
አምና ትሁን ታዝባ እንጃ፤
መልሴን ሁለት ጊዜ ትቆጥረዋለች፣
ጣቷን በምላሷ አርሳ፣ ብር በብር እየለየች።
አንድም ቀን አልተሳሳተች።