ሰባ እና ሰባ ስምንት

ጅማ፣ ሕርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
የዘቢዳ ሣጥን፣ አዝራር ዚፕ የሞላ፤
ክዳኑ መስታወት፣ ማጠፊያው ነሐስ፣
የትንባሆው ብናኝ ዛሬም የሚያስነጥስ።

አሮጌ ዕቃ ገዢ ነኝ፤ በአጉሊ መነጽር
ገልብጬ ፈለግሁ የፋብሪካ ምስጢር፦
«ኤቾ ኤን ኩባ» ይላል፣ ብረት ያሳረረው፤
እንግሊዝኛ የለም፣ ካብዮታቸው ወዲህ ነው፤
የፋብሪካው ኮድም ገና ያልታተመ፣
አረንጓዴው ቴምብር በርጥበት የታመመ።
ጥጉ ላይ በእርሳስ የተጫረ ቁጥር አየሁ፤

«ሰባ ስምንት ናት» አልኳት፣ እንደ ሊቅ ሳገሳ፤
«ሰባ ናት» አለችኝ፣ መርፌዋን ነክሳ።

ሁለታችንም ልክ፤ ቆጠራው ነው ሁለት።

«ሆስፒታል ነን» አለች፣ «መብራት ጠፋ ሌሊት፤
በሰባት ወሯ መጣች፣ መዳፍ የማትሞላ።
ኩባዊው ሐኪም ሲጋራውን ደፍቶ
ጥጥ አነጠፈበት፣ ሙቅ ጠርሙስ አምጥቶ፤
ልጄን አስተኝቶ፣ መስታወቱን መልሶ፣
ደጅ ሲያጨስ ነጋ፣ አንዱን ባንዱ ለኩሶ።»

ዋጋ ልጠይቅ ስል፣ ዘቢዳ ክር በጠሰች፤
ከሲንጀሩ ኋላ አንዲት ሴት አነጠሰች።