ለቅጹ ያልበቃ መልስ

ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል። ወንበር የለኝም፤ ማዳበሪያው ላይ።
ጌሾ ነው፣ አይቆረቁርም፤ ቅጠሉ ደርቋል፣ እንደምታይ።
ከታሰረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እኔም አብሬው ታስሬ
አላፊ አግዳሚ ስቆጥር እውላለሁ፤ ዛሬ አራት ደርሷል፣ አንተን ጨምሬ።

ቅጽህን አየሁት። «አዲሱ ገበያ ለምን ቀዘቀዘ?»
ከሥሩም አራት ሳጥን አለ፣ እንደኛ ሱቅ በቁጥር የተያዘ፦
ዋጋ፣ ንጽሕና፣ ማስታወቂያ፣ ጸጥታ።
የኔ ነገር ሳጥን አይበቃውም፤ ጻፍልኝ ከጀርባው ቦታ።

ጻፍ። ሱቅ ቁጥር ሰባ አራት፣ ስሜ አትጠገብ ይርሳው።
ጣራው አያፈስም፣ እውነት ነው፤ ምስጋናዬን አትርሳው።
ወለሉ ሲሚንቶ፣ መጸዳጃው ውሃ አለው፣ መብራቱም ሌሊቱን ያበራል፤
ዘበኛው ደርበው ከሥሩ ተቀምጦ ከአንዲት ድመት ጋር ያወራል።

የድሮው? የድሮው ጭቃ ነበር። ክረምት ጫማ ይውጣል፤
ዝንቡ፣ ግፊያው፣ ኪስ አውላቂው... ሰው ግን ይመጣል።
አይ፣ ተሳሳትኩ። «ይመጣል» ያልኩህን ሰርዘው፤
«ያልፋል» በል። ገበያውን መንገዱ ነበር የያዘው።

ከጀልባ የወረደ ያልፋል፤ ከጊዮርጊስ የተሳለመ ያልፋል፤
በሽተኛ ሊጠይቅ ብርቱካን ያንጠለጠለ ያልፋል፤
ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ያልፋል። ሲያልፍም ዓይኑ ይወድቃል፣
«ለካ ጌሾ ጨርሻለሁ!» ይላል። ሰው ቤቱ ያለቀውን መንገድ ላይ ያውቃል።

አሁን ግን ወደኔ ለመምጣት አስቀድሞ ማሰብ አለበት።
ጌሾን አስቦ ከቤቱ የሚነሣ ማነው? ሠርግ ያለበት፣ ወይ ተዝካር የደረሰበት።

ደግሞ ሂሳቡን ስማ። እዚህ ሽንኩርት በኪሎ አምስት ብር ይረክሳል፤
አርባ ብር የባጃጅ ደርሶ መልስ ያችን አምስት ብር ይልሳል።
ስምንት ኪሎ ያልገዛች ሴት አትወጣም ከኪሳራ፤
ስምንት ኪሎ የሚያስቀምጥ ጓዳ ያለው ማነው፣ በዚህ ኪራይ፣ በዚህ መከራ?

ጌሾውም ከዘጌ ሲመጣ ጤዛው ሳይደርቅ ይደርሰኝ ነበር፤
አሁን ከወደቡ እዚህ እስኪደርስ ፀሐዩ፣ ጋሪው፣ ተራ አስከባሪው ይካፈለው ጀመር።

ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው አስረስ አንድ ወር ሞክሮ ተወው።
«ቁልፍ የጠፋበት ሰው» አለኝ፣ «ለባጃጅ የሚከፍልበት ቦርሳም አብሮ ነው የጠፋው።»
ዛሬ ከባንኩ ደጅ ይውላል፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፤
ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ይሮጣል፣ ሞረዱን በጆንያ ከቶ።
ይኼን አትጻፍ። ሰው ታስይዛለህ።
ሰረዝከው? ጎሽ።

ባለፈው ሰኞ ግን አንዲት ሴት መጣች፣ ላብ በላብ ሆና፤
ወፊት ናት፣ የድሮ ደንበኛዬ፤ «ሰባ አራት፣ ሰባ አራት» ትላለች ገና።
ጉልቱ ሊነሣ ሰሞን የሠላሳ ብር ጌሾ በዱቤ ወስዳ ነበር፤
ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቷት ኖሮ፣ ጠይቃ ጠይቃ አገኘችኝ፣ በር በበር።
ሠላሳ ብር ልትከፍለኝ አርባ ብር ለባጃጅ ከፈለች።
«ጌሾ ልስጥሽ?» ብላት፣ «ቤቴ ሥር ካለችው ልጅ ገዝቻለሁ» አለች፣
አፍራ፣ መሬት መሬት እያየች።

አልተቀየምኳትም። አሁን አንተ ያለህበት ተቀመጠች፤
ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራን፣ ስለ ታናሽ ልጇ ትዳር።
እስክትሄድ ድረስ ገበያ ነበር።
ሁለት ሰው ብቻ። ግን ገበያ ነበር።

እሷን እንግዲህ ከየትኛው ሳጥን ልታስገባት ነው?
ከዋጋ ነው? ከጸጥታ ነው?

አንተስ፣ እስቲ ልጠይቅህ፣ ሽንኩርትህን ከየት ነው የምትገዛው?
ዝም አልክ። አትጨነቅ፤ እኔ ዘንድ ቅጽ የለም፣ መልስህን የምይዘው።

ስትወጣ በዋናው በር ውጣ፣ ደርበው እንዲያይህ፤
እሱም ይቆጥራል፤ ባዶ እጅህን ከሆንክ ከገበያተኛ አይቆጥርህ።
እንካ፣ ይችን እስር ያዝ። የለም፣ ብር አታውጣ፣ በዱቤ ይሁንልህ፤
ትከፍለኛለህ፣ በዚህ ስታልፍ፣ መንገድህ ሲሆንልህ።